መለዋወጫ የሌለው ጄት ስንት ዓመት ይበራል?

እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ቱሳን ከተማ አጠገብ ባለው የዴቪስ-ሞንታን አየር ኃይል ጣቢያ ያልተለመደ ሥራ ይሠራ ነበር። ከባሕር ኃይሉ አገልግሎት የተሰናበቱ ኤፍ-14 ቶምካት ተዋጊ ጄቶች በትልልቅ ማሽን እየተቆራረጡ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይለወጡ ነበር።

አሜሪካ አሮጌ አውሮፕላኖቿን እንዲህ በቀላሉ አትጥልም። የአሪዞና አየር ደረቅ ስለሆነ ብረት ቶሎ አይዝግም። ስለዚህ ከሥራ የወጡ አውሮፕላኖች እዚያ በረሃ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ የሚፈለገው ዕቃ እየተፈታ ለሌላ አውሮፕላን ይውላል፣ የተረፈው ይሸጣል። ለኤፍ-14 ግን ይህ መንገድ ተዘጋ። ምክንያቱ ደግሞ ይህንን ጄት የሚያበር ሌላ አንድ አገር ብቻ መቅረቱ ነው፦ ኢራን። ዋሽንግተንን ያሰጋት ጄቱ ራሱ ተሽጦ ቴህራን መድረሱ አልነበረም። ያሰጋት ብሎኑ፣ ኩሽኔታው፣ ቫልቩና የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ በሦስተኛ ሰው እጅ አልፎ እዚያ መድረሱ ነው።

ታዲያ ብሎን ፈርቶ ጄት የሚቆራርጥ መንግሥት ምን አይቶ ነው? ያየው ነገር ይህ ነው፦ በ1979 ኢራን ላይ ማዕቀብ ሲጣል ጄቶቹ ብዙም ሳይቆዩ መሬት ላይ እንደሚቀሩ ነበር የብዙዎች ግምት። ከ28 ዓመት በኋላ ግን አሁንም ይበሩ ነበር። እንዴት? መልሱ ስለ ጦር መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ውስብስብ ማሽን «የእኔ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይነግረናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመርከብ የተሠራ ጄት

ኤፍ-14ን የሠራው ግሩማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በታኅሣሥ 1970 ሲሆን የተሠራው ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ እንዲነሳና እንዲያርፍ ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። መርከቡ አጭር ስለሆነ ጄቱ በራሱ ሞተር ብቻ ተንደርድሮ መነሳት አይችልም፤ በእንፋሎት የሚሠራ ማስወንጨፊያ የፊት እግሩን ይዞ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይወረውረዋል። ሲያርፍ ደግሞ ከጅራቱ ሥር ያለው መንጠቆ በመርከቡ ወለል ላይ የተዘረጋ የብረት ገመድ ይይዝና ድንገት ያቆመዋል። አስቡት፤ ከ20 ቶን በላይ የሚመዝን ነገር በየበረራው እንዲህ ሲወነጨፍና ሲጎተት እግሩ፣ መንጠቆውና አፅሙ ምን ያህል እንደሚለፋ። በዚያ ላይ የባሕር ጨው አለ።

በዚህ የተነሳ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መለዋወጫን ከጄቱ ለይቶ አያይም። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ማለት አየር ማረፊያ ብቻ ሳይሆን ጋራዥና መጋዘንም ነው። ከበረራ ወለሉ በታች የሞተር መፈተሻ፣ የሃይድሮሊክ ክፍል፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ክፍል አለ። መርከቡ የሌለውን ዕቃ ትንሽ የጭነት አውሮፕላን ከየብስ ያመጣለታል። ኤፍ-14 በአገልግሎቱ መጨረሻ ዓመታት አንድ ሰዓት ለመብረር ወደ 50 የሚጠጋ የሰው-ሰዓት ጥገና ይፈልግ ነበር። ማለትም አሥር ቴክኒሻኖች እያንዳንዳቸው አምስት ሰዓት ይሠራሉ፣ ጄቱ አንድ ሰዓት ይበራል።

ኢራን ደግሞ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የላትም። ታዲያ ለምን ገዛችው?

የሻሁ ግዢ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት ሚግ-25 የስለላ አውሮፕላኖች በኢራን ሰማይ ላይ በጣም ከፍ ብለውና ፈጥነው ያልፉ ነበር። የኢራን አየር ኃይል ሊደርስባቸው የሚችል ነገር አልነበረውም። ኤፍ-14 ግን ኤደብልዩጂ-9 የሚባል ኃይለኛ ራዳርና ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስ ፊኒክስ ሚሳይል ነበረው። ራዳሩ በአንድ ጊዜ 24 ዒላማ ይከታተላል፤ ጄቱም በስድስቱ ላይ በአንድ ጊዜ ሊተኩስ ይችላል። ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪ በሐምሌ 1973 አሜሪካ ሄደው የኤፍ-14ንና የኤፍ-15ን የበረራ ትርኢት ተመለከቱና ኤፍ-14ን መረጡ። በ1974 በሁለት ውል 80 ጄቶች ታዘዙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ግሩማን በዚያን ጊዜ ገንዘብ አጥቶ ችግር ላይ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ለኩባንያው ይሰጥ የነበረውን ብድር ሲያቆም፣ የኢራን ባንክ ሜሊ 75 ሚሊዮን ዶላር አበደረው። የኢራን ገንዘብ የኤፍ-14ን ማምረቻ አቁሞ ከያዙት ምሰሶዎች አንዱ ነበር ማለት ነው። ጄቶቹ ከጥር 1976 ጀምሮ ወደ ኢራን መግባት ጀመሩ፤ በ1978 ሰባ ዘጠኙ ደርሰው ነበር። ሰማንያኛው አሜሪካ ውስጥ ቀረ።

ከጄቶቹ ጋር የግሩማን ባለሙያዎችም ወደ ኢስፋሃን መጡ። ከባዱን ጥገና የሚመሩት እነሱ ነበሩ። አብራሪዎቹ ኢራናውያን ሆኑ እንጂ ማሽኑን አብጠርጥሮ የሚያውቀው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር። ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ምክንያቱም ሆማፋሮች ነበሩ።

ሆማፋሮች

ሆማፋር ማለት በኢራን አየር ኃይል ውስጥ ለቴክኒክ ሥራ ተብሎ የተፈጠረ ማዕረግ ነው። ወጣቶች ይመለመላሉ፣ እንግሊዝኛና ቴክኒክ ይማራሉ፣ ብዙዎቹም ወደ አሜሪካ ለሥልጠና ይላካሉ። ሲመለሱ ግን ከመኮንኖቹ በታች ሆነው፣ ከአሜሪካውያኑ ደግሞ በደመወዝ እጅግ አንሰው ነበር የሚሠሩት። ቅሬታቸው እየተጠራቀመ ሄደ።

የካቲት 8 ቀን 1979 ሆማፋሮች የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አያቶላ ኾሜይኒ ፊት ቀርበው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ወጥቶ አገሩን አነጋገረ። በማግስቱ ሌሊት ቴህራን ውስጥ በዶሻን ታፔ የአየር ኃይል ጣቢያ በሆማፋሮችና በንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ መካከል ውጊያ ተነሳ። የጣቢያው መሣሪያ ለሕዝቡ ታደለ። በየካቲት 11 ሠራዊቱ ገለልተኛ መሆኑን አወጀ፤ ሥርዓቱም ወደቀ። ሻሁ ጄቶቻቸውን እንዲጠግኑ ያሠለጠኗቸው ሰዎች ዙፋኑን ከነቀነቁት መካከል ሆኑ።

በኅዳር 1979 የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ታገቱ፤ ማዕቀቡም ተከተለ። የግሩማን ሰዎች ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። አዲሱ መንግሥትም በበኩሉ ብዙ መኮንኖችን አባረረ፣ አሰረ። መስከረም 22 ቀን 1980 ኢራቅ ስትወርር ከታሰሩት አብራሪዎች አንዳንዶቹ ከእስር ወጥተው ወደ ጄታቸው ተመለሱ። ጦርነቱ ስምንት ዓመት ወሰደ። አሁን ጥያቄው ግልጽ ነው፦ ፋብሪካው ጠላት ሆኗል፣ ጄቱ ደግሞ በየቀኑ መብረር አለበት።

ምን ምን ይበላሻል?

አንድ ጄት ውስጥ ያሉትን ክፍሎች ከመለዋወጫ አንፃር በሦስት መክፈል ይቻላል።

አንደኛው አላቂ ዕቃ ነው፦ ጎማ፣ የፍሬን ዕቃ፣ ማጣሪያ፣ የሃይድሮሊክ ጎሚኒ። እነዚህ በየጊዜው ያልቃሉ፤ ጄቱ ባይበርም እንኳ ጎሚኒ በዕድሜው ይደርቃል። ሁለተኛው የሕይወት ገደብ ያለው ዕቃ ነው፦ የሞተር ተርባይን ምላጮች፣ የማረፊያ እግር፣ የአብራሪው ማስፈንጠሪያ ወንበር ውስጥ ያለው ፈንጂ። እነዚህ ሳይበላሹ፣ በሰዓት ወይም በዓመት ተቆጥሮላቸው ይለወጣሉ። ማስፈንጠሪያው ጊዜው አልፎበት አብራሪ ማሳፈር ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሦስተኛው ተጠግኖ የሚመለስ ዕቃ ነው፦ የሃይድሮሊክ ፓምፕ፣ የራዳር ሳጥን፣ ኮምፒውተር። ይህ ሲበላሽ ይወጣል፣ በሌላ ይተካል፣ የተበላሸው ተጠግኖ ወደ መጋዘን ይመለሳል።

የመጀመሪያውን ዓይነት አንድ አገር ከጨከነ ራሱ መሥራት ይችላል። ጎሚኒ ጎሚኒ ነው፤ ኬሚስትሪውን ማወቅ ይጠይቃል እንጂ ምስጢር አይደለም። ችግሩ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የኤፍ-14 ክንፍ እንደ ፍጥነቱ ከ20 እስከ 68 ዲግሪ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ክንፎቹን የሚሸከመው ከታይታኒየም የተሠራ ትልቅ ሳጥን ሲሆን የተበየደውም በተለመደው ብየዳ ሳይሆን አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ በኤሌክትሮን ጨረር ነው። የክንፉን አንግል የሚወስነው ደግሞ የአየር ግፊትና ሙቀት እየለካ ፍጥነቱን የሚያሰላ ኮምፒውተር ነው። ይህ ኮምፒውተር በራሱ ታሪክ አለው። ስቲቭ ጌለርና ሬይ ሆልት የተባሉ መሐንዲሶች የመሩት ቡድን ከ1968 እስከ 1970 ቺፖቹን ሠራለት፤ ሥራው ምስጢር ተብሎ እስከ 1998 ለሕዝብ አልወጣም። አንዳንዶች የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር የሚሉት ይህንን ነው። እንግዲህ ይህ ካርድ ሲቃጠል በቶርኖ አይቀረጽም። ንድፉ የለህም፣ ቺፑ ገበያ ላይ የለም፣ መኖሩም ምስጢር ነበር።

ሌላም አለ፦ መፈተሻው። የራዳሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ብዙ ካርድ አለ። የትኛው እንደተበላሸ ካላወቅህ መለዋወጫ ቢኖርህም አይጠቅምህም። በአሜሪካ መርከቦች ላይ ቫስት የሚባል ትልቅ አውቶማቲክ መፈተሻ ጣቢያ ለዚህ ሥራ ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ማዕቀብ ሲወራ የሚነሳው ዕቃው ነው፤ ዕቃውን የሚመረምረው መሣሪያ ግን እኩል ወሳኝ ነው።

አራቱ መንገዶች

ኢራን በአራት መንገድ ተጓዘች።

የመጀመሪያው መጋዘን ነው። ሻሁ ከጄቶቹ ጋር ብዙ መለዋወጫ ገዝተው ስለነበር ጦርነቱ ሲጀመር መደርደሪያው ባዶ አልነበረም።

ሁለተኛው ከአንዱ ፈትቶ ለሌላው መግጠም ነው። ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ግን ሒሳቡን እንየው። አራት ጄት አለህ እንበል። የአንዱ ፓምፕ፣ የሁለተኛው ራዳር፣ የሦስተኛው ሞተር፣ የአራተኛው የማረፊያ እግር ተበላሸ። አራቱም ቆመዋል። ብልሽቱን ሁሉ ወደ አንዱ ብትሰበስብ ግን ሦስቱ ይበራሉ። በአንድ ቀን ከዜሮ ወደ ሦስት! ዋጋው ግን በኋላ ይመጣል። አንድ ዕቃ ለመቀየር ሁለት ጊዜ መፍታት፣ ሁለት ጊዜ መግጠም አለብህ፤ ሲፈታ የሚሰበር ማያያዣ፣ የሚላላ ገመድ አይጠፋም። አራተኛው ጄት ደግሞ ቀስ በቀስ አፅም ብቻ ይሆናል። ይህ መንገድ ጊዜ ይገዛልሃል፤ የምትከፍለው ግን በጄት ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ራስ መሥራትና መቀየር ነው። የፊኒክስ ሚሳይል ክምችት ሲመናመን ኢራናውያን ከመሬት የሚተኮሰውን ሆክ ፀረ-አውሮፕላን ሚሳይል ከኤፍ-14 ክንፍ ሥር ለመግጠም ሞከሩ። በ2018 ደግሞ በፊኒክስ ላይ የተመሠረተ ፋኩር-90 የተባለ ሚሳይል ማምረቻ መከፈቱን አስታወቁ። አንዳንዴም መልሱ ከጥገና ይልቅ አጠቃቀም ላይ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ኤፍ-14 ብዙ ጊዜ ከኋላ ቆሞ በራዳሩ ሰማዩን እያየ ሌሎቹን ይመራ ነበር። ብርቅ የሆነ ማሽን ውጊያ መሃል አይጣልም።

አራተኛው ጥቁር ገበያ ነው። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ መርከቡ ይመለሳል። በሐምሌ 1985 የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ የኤፍ-14 ዕቃዎችን ከባሕር ኃይሉ እየሰረቀ ወደ ኢራን ይልካል የተባለ ቡድን ሳን ዲዬጎ ላይ ያዘ። ከተከሰሱት አንዱ ኪቲ ሆክ በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማለትም መርከቡ ባሕር ላይ ሆኖ ለራሱ ጄቶች ያዘዘው ዕቃ በሌላ በኩል ይወጣ ነበር። ልብ በሉ፣ ኪቲ ሆክን የሚያክል መርከብ ውስጥ ስንት ሺህ ዓይነት ዕቃ እንደሚገባና እንደሚወጣ። አንድ ሳጥን ቢጎድል ማን ያያል?

በዚያው ዓመት ደግሞ ዋይት ሀውስ ራሱ በሚስጥር ለኢራን መሣሪያ መሸጥ ጀምሮ ነበር። የቀድሞ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ሮበርት ማክፋርሌን በግንቦት 1986 ቴህራን ሲገቡ አውሮፕላናቸው ላይ የተጫነው ለሆክ ሚሳይል የሚሆን መለዋወጫ ነበር። የመርከብ ሠራተኛውን የሚከስ መንግሥት፣ በጓሮ በር በመለዋወጫ ይደራደር ነበር ማለት ነው። ለጦርነት ላይ ላለ አገር መለዋወጫ ከገንዘብ በላይ ዋጋ እንዳለው ሁለቱም ወገን ገብቶት ነበር።

የየብስ ዕድል

አንድ የምህንድስና ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኢራን ጄቱን ያበረረችው ከኮንክሪት ሜዳ ነው። ማስወንጨፊያ የለም፣ በገመድ ድንገት መቆም የለም። ለመርከብ ተብሎ የጠነከረው እግርና አፅም በየብስ ላይ ከታሰበለት በታች ነበር የሚጫነው። የኢስፋሃን አየር ደግሞ ደረቅ ነው፤ እንደ ባሕር ጨው ብረት አይበላም። ስለዚህ ኤፍ-14 ረጅሙን ዕድሜ የኖረው በተሠራለት ቦታ ሳይሆን በሌላ ቦታ መሆኑ ያን ያህል አያስገርምም። የተረፈ ጥንካሬ ራሱ እንደ መለዋወጫ ይቆጠራል።

ሞተሩ ግን የተለየ ነው። የመጀመሪያው ቲኤፍ30 ሞተር በአየር ፍሰት መዛባት የተነሳ በድንገት ኃይል ያጣ ነበር። አሜሪካኖች ራሳቸው ተማርረው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኤፍ110 በሚባል ሞተር ያለው ዓይነት አመጡ። ኢራን ግን ከአሮጌው ጋር ቀረች። ባለቤቱ እንኳ የተወውን ሞተር ያለ ባለቤቱ እርዳታ ለአሥርተ ዓመታት ማሠራት ነበረባት።

ታዲያ ማዕቀቡ ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤፍ-14ን በመስከረም 2006 አሰናበተ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የኦዲት መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ማንነታቸውን ደብቀው ከመከላከያ ሚኒስቴር ትርፍ ዕቃ ሲገዙ፣ ኤፍ-14 ውስጥ የሚገቡ ማይክሮ ሰርኪውቶችንም ማግኘት ቻሉ። በጥር 2007 የኤፍ-14 ዕቃ ሽያጭ ቆመ። በመጋቢት ካሊፎርኒያ ውስጥ በግል ሙዚየሞች የነበሩ ጭምር አራት ኤፍ-14ዎች በጉምሩክ መርማሪዎች ተያዙ። በ2008 ሽያጩን የሚከለክል ሕግ ወጣ። የአሪዞናው መቆራረጥም የዚሁ አካል ነው።

በሌላ በኩል ማዕቀቡ ምንም አላደረገም ማለት ስህተት ነው። 79 ጄት ይዞ የጀመረ አየር ኃይል በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያጣ ሄዷል። በውጊያና በአደጋ የወደቀ አለ፣ ለዕቃው የተፈታ አለ። ማዕቀቡ ጄቶቹን አላቆማቸውም፤ እያንዳንዱን የበረራ ሰዓት ግን አስወድዶታል። በሰኔ 2025 እስራኤል ቴህራን ላይ ባደረገችው ድብደባ ቆመው የነበሩ ኤፍ-14ዎች ሲመቱ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣች። ወደ ኢራን ከመጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወር ነበር የቀራቸው።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። የ1979ኙ ግምት የተሳሳተው መጋዘኑን ቆጥሮ ሰዉን ስላልቆጠረ ነው። ያ ሁሉ መጋዘን ሆማፋሮቹ ባይኖሩ ኖሮ የብረት ክምር ነበር። የትኛው ካርድ እንደተቃጠለ የሚለይ፣ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ጄት ቢፈታ እንደሚሻል የሚያሰላ፣ ጎሚኒውን አገር ውስጥ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ከሌለ መለዋወጫ ብቻውን ጄት አያስነሳም። ሻሁ ለእነዚህ ሰዎች የሰጡት ቦታ ዝቅተኛ ነበር፤ አዲሱም መንግሥት መጀመሪያ ላይ የአየር ኃይሉን ሰዎች በጥርጣሬ ነበር ያያቸው። ሁለቱም ጄቱን ይፈልጉት ነበር።

አንድ አገር አውሮፕላን፣ የኃይል ማመንጫ ወይም የሆስፒታል ማሽን ሲገዛ ዜና የሚሆነው ዋጋውና ብዛቱ ነው። ሊጠየቁ የሚገባቸው ግን ሌሎች ናቸው፦ ንድፉ ማን ጋ ነው? መፈተሻው የት ነው? የሚጠግነው ማን ነው፣ እሱስ በሥራው ላይ ይቆያል ወይ? እነዚህ ውሉ ውስጥ ካልተጻፉ፣ ማሽኑ የእኛ የሚሆነው ሻጩ እስከፈቀደ ድረስ ብቻ ነው።